ጀሪካን ውስጥ የዘመረ ጸናጽል

ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ፣ ከዚያም ጋይንትን ዞራችሁ ብትፈልጉ ብረትን በኤሌክትሪክ የሚለብጥ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ሌላ ቢኖር ኖሮ አመስግኜው ባለፍሁ ነበር። ፈልጌ አጣሁ እንጂ።

ማንም አላስተማረኝም። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከተበላሸ ዕቃ ነው። ሬዲዮ ፈታሁ፣ ሬዲዮ አወቅሁ። ሶላር ፈታሁ፣ ሶላር አወቅሁ። ልባጡን ደግሞ ያገኘሁት ጨው ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ባለሱቁ ከአሮጌ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አንድ ገጽ ገንጥሎ ጨው ጠቀለለልኝ፤ ቤት ስገባ ጨውን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወረቀቱን ለራሴ አስቀረሁ። ሥዕሉ ላይ አንድ ባትሪ፣ ሁለት ሽቦና ብርጭቆ ውስጥ የተንጠለጠለ ማንኪያ ነበር። ተከታዩን ገጽ ሌላ ሰው በርበሬ ገዝቶበት ሄዷል፤ ስለዚህ የጎደለውን ራሴ ሞላሁት። በኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሠራ በስልኬ አየሁ። ቋንቋው አይገባኝም፤ ሥራ ግን በእጅ ነውና አፉን ትቼ እጁን ተመለከትሁ። እንዲያውም አንድ ሁለት ቦታ ላይ ሲሳሳት ያዝሁት።

ነገሩ ለሚያውቅ ቀላል ነው። ኒኬል የሚባል የማይዝግ ነጭ ብረት አለ። በሞቱ የሶላር መብራቶች ውስጥ ባትሪና ባትሪን የሚያያይዘው ስስ ቅጠል ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ አልሁ እንጂ ሁልጊዜ አላልሁም፤ ኒኬል መስሎ የሚገባ ተራ ቆርቆሮም አለ። እኔ በመርፌ ጫር አድርጌ ጨው ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ዝጎ ከተገኘ አታላይ ነው። የጸናውን ኒኬል አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ አቼቶና ትንሽ ጨው አድርጌ እነክረውና ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያይዘዋለሁ። የሚለበጠው ዕቃ ከነጋቲቩ ጋር ይሆናል። ኮረንቲው ኒኬሉን ከወዲያ እያሟሟ ወዲህ ያለብሳል። መሀል ላይ አንዲት የመኪና አምፖል አስገባለሁ፤ የኮረንቲውን ጉልበት የምታበርድልኝ እሷ ናት። ኮረንቲ ከበረታ ልባጡ እንደ ከሰል ይጠቁራል። አቼቶው ውሎ ሲያድር አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ቢጠጡት ግን መርዝ ነው።

መጀመሪያ የለበጥሁት የባለቤቴን ጭልፋ ነው። ጨረቃ አስመሰልሁት። እሷ አሸተተችውና የሚሸተው አቼቶ ነው ወይስ ጥጋብ ብላ ጠይቃኝ ከጓዳ አወጣችው። የሚበላበት ዕቃ አይለበጥም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት ያን ቀን ነው፤ ያነበብሁት ከእሷ ፊት ላይ ቢሆንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ የአንድ ገበሬ ማጭድ ለበጥሁ። ሥራው ከማማሩ የተነሣ ሰውዬው ማጭዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ገብሱን በጎረቤቱ ማጭድ አጨደ። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ያሳየዋል።

ግራ ጌታው የመጣው ዝናቡ አባርቶ፣ ገብሱ ነጥቶ፣ የደብራችን ንግሥ ሲቃረብ ነው።

በማኅሌት የግራውን ወገን የሚመራው እሱ ነው፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ ያስመሰከረ ሊቅ። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል። እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ልጆች ሆነን አብረን ደበሎ ለብሰን፣ አብረን ቆሎ ለምነን፣ አንድ ውሻ አብሮ ያባረረን ነን። እሱ ከውሻው አምልጦ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። እኔ ከውሻውም ከትምህርቱም አመለጥሁ።

ከጋቢው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ፈታው። ጸናጽል ነው። እጀታው እንጨት፣ ክፈፉ ነሐስ ነው፤ ነሐሱ አረንጓዴ አውጥቷል። በክፈፉ ውስጥ ያለፉት ቀጫጭን ሽቦዎችና በሽቦው ላይ እየተንሸራተቱ የሚያንሿሹት ክብ ብረቶች ደግሞ ዝገት በልቷቸዋል። የመምህሩ የየኔታ ጸናጽል ነበር። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ ለደብሩ ተናዘው፣ በእሱ እጅ እንዲቆይ ግን አደራ ብለዋል።

የመጣበትን ነገረኝ። ባለፈው ንግሥ ዝገቱ ነጭ ልብሱን ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ቀለም ሲነክረው፣ ስልክ የያዘ ሁሉ ቀርጾ አዳረሰው። የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር የእህል ነጋዴ ነው፤ ለመልክ የሚጨነቅ ሰው ነው። ደብሩ ተዋረደ ብሎ ከከተማ አዲስ ጸናጽል አስመጣ። ጉባኤውም ተሰብስቦ፣ በዚህ ዓመት ዋዜማ ላይ አሮጌው ዳግመኛ ዝገት ካወጣ ዕቃ ቤት ይግባ፣ ግራ ጌታውም በአዲሱ ይዘምር ብሎ ወሰነ።

አዲሱ ምን ነውር አለበት ብዬ ጠየቅሁት። ድምፁ ብርጭቆ የሚሰበር ይመስላል አለኝ። ከዚያ ጸናጽሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«እኔ ድምፅ የተማርሁት ከዚህ ነው፤ የየኔታ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ዝገቱን አውጣልኝ፤ ድምፁን ተውልኝ።»

«አንተ ካባ ስትለብስ ድምፅህ ይጠፋል?» አልሁት። «ይኸም እንዲያው ነው። ካባ አለብሰዋለሁ።»

አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ሽቦዎቹን የኔታ ራሳቸው ጫፋቸውን ቀጥቅጠው ያሰሯቸው ናቸው፤ ዝገት ስለበላቸው ከክፈፉ ልፍታ ያሉ እንደሆነ ይሰበራሉ። ስለዚህ እንዳለ ልለብጠው ተስማማን። ለእኔ ቀላል ነው ብዬ ሸኘሁት።

በእንዶድና በአመድ አጠብሁት፤ ቅባት ያለበት ብረት ልባጥ አይቀበልምና። ዝገቱን በሎሚ አሽቼ አነሣሁ። ከዚያ እጀታውን ወደ ላይ አድርጌ ጀሪካኑ ውስጥ አንጠልጥዬ፣ አምፖሏ ፈዘዝ ብላ ስትበራ አይቼ ሌላ ሥራዬን ያዝሁ። ሲበቃው አወጣሁት። እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚያበራ ጸናጽል ታይቶ አይታወቅም። ባለቤቴን ጠርቼ፣ ትስማው ብዬ ከፍ አድርጌ ነቀነቅሁት።

ዝም አለ።

እንደገና ነቀነቅሁት። ዝም። ቀረብ አድርጌ ሳየው፣ ክብ ብረቶቹ በየተደገፉበት ከሽቦውና እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ኒኬሉ ሁሉንም እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ አንድ ካባ አልብሷቸዋል።

ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጸናጽሉ አርምሞ ገባ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዳንድ ሴት ባሏ ሲቸገር ታዝናለች። የእኔዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ይህን እያየሁ ሳለ ግራ ጌታው ከበር ደረሰ። እኔ ውሸት አልወድም፤ ሲቸግረኝ ግን እችልበታለሁ። ጸናጽሉን በሁለት እጄ አቀረብሁለት። መልኩን አይቶ በደስታ ፊቱ ፈካ። ነቀነቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህ ልባጥ ረቂቅ ነው» አልሁት። «ድምፁ ለኃጢአተኛ ጆሮ አይሰማም።»

ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ዲዳውን ጸናጽል ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ንግሥ ቀን ዘመመ። ረጅም ጊዜ ዘመመ። እኔ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና በሐዘኔታ ተመለከተኝ።

«ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አንተ አይሰማህም እንዴ፣ ወንድሜ?»

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳቋ ግን እኛ ዘንድ ቀረ። ትንሽ ትንሽ ይሰማኛል አልሁት። ንስሐ አባትህን ላስጠራልህ ወይ አለኝ። ምን ልበለው? ከጠላት ጋር መከራከር ይቻላል፤ ድጓ ካስመሰከረ ጋር ግን አይቻልም።

ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ተቀምጦ ጸናጽሉን ጭኑ ላይ አጋደመው። ሽቦውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ዋዜማው ደርሷል፣ በዝገቱ ቢመጣ እንኳ ይጮህ ነበር፣ አሁን ይዤው ብገባ ሳልዘምር ያወጡኛል አለ። ይህን ያለው ለእኔ አልነበረም፤ ለብረቱ ነበር። እኔም ቀልዱን ትቼ የሆነውን አስረዳሁት። ኒኬል ደረቅ ነው፤ የተጣበቀበት ስስ ነውና በእርጋታ ቢያዞሩት እንደ ውርጭ ይሰበራል። ነገር ግን ሽቦው አብሮ ቢሰበር መመለሻ የለውም።

ማን ያዙረው? የእኔ ጣት ፒንሳ የለመደ ነው። የእሱ ጣት ብራና ሲገልጥ የኖረ ነው። እሱ ያዙረው አልሁ፤ ጥሩ አለቃ ሥራን ለሚችለው ይሰጣል። በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ክብ ብረት በሁለት ጣቱ ይዞ እያባበለ አዞረ። ቀጭ አለ። ተላቀቀ። ሁለተኛውም ቀጭ አለ። እያንዳንዱን ሲያዞር ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም እይዛለሁ። ከሽቦው ጫፍ ያለው አንዱ እምቢ ብሎ ሽቦው ጎበጥ ሲል፣ ግራ ጌታው ተወውና ግንባሩን ጠረገ። ለመምህሩ ነፍስ አንድ አባታችን ሆይ ደገመ። ተመልሶ በሌላ በኩል ሲያዞረው ወጣ። ጸናጽሉን አንዴ ነቅነቅ አደረገው። ሿ አለ።

ነገር ግን ሥራው አላለቀም። በተሰበረበት ሁሉ ልባጡ ተልጧል፤ ብረቱ ገጦ ይታያል። እንዲሁ ቢሄድ እስከ ዋዜማ መዛጉ አይቀርም። መልሼ ብነክረው ደግሞ መልሶ ይጣበቃል። በዚህ መሀል ባለቤቴ ከጓዳ ሆና በእኛ ወሬ የተነሣ ሽሮዬ ተጓጎለብኝ እያለች ታማርር ጀመር። ሽሮ ሳያቋርጡ ካላማሰሉት ይያያዛል አለች።

እኔ ብድግ አልሁ። በኋላ ባለቤቴ ሐሳቡ የእሷ እንደሆነ ስትናገር ኖራለች። አይደለም። እሷ የተናገረችው ስለ ሽሮ ነው፤ ስለ ጸናጽል የሰማሁት እኔ ነኝ። ብረቶቹ በኮረንቲው ጊዜ ሁሉ ከተንቀሳቀሱ የትም ተደግፈው አይጣበቁም። ጸናጽልን ሳያቋርጥ፣ ሳይደክመው፣ በእኩል ምት ሊነቀንቅ የሚችል ሰው ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

በነጋታው ጠዋት ጀሪካኑን ግቢ አወጣሁት። የግራ ጌታውን እጅ እስከ ክርኑ በፌስታል ሸፍኜ አሰርሁለት፤ ይህ ውኃ ቆዳ ያሳክካልና። እሱ ግን የሚያየው ባትሪውን ነው።

«በኮረንቲ ገድለህ ሰማዕት ልታደርገኝ ነው?»

«ሰማዕትነት እንዲህ በርካሽ አይገኝም» አልሁትና ሁለቱን ሽቦዎች በባዶ እጄ ያዝኋቸው። አልሞትሁም። ባትሪ መሆኑን፣ ሰውን እንደማይጎዳ ነገርሁት። ካመነ በኋላ ጸናጽሉን ዘቅዝቆ አቼቶው ውስጥ አስገባ፤ እኔ ነጋቲቩን ከክፈፉ አያያዝሁ። አሁን ዘምር አልሁት። በጀሪካን ላይ አይሆንም አለ። ለንግሡ የምታጠናው መቼም አይቀርም፣ እዚሁ አጥናው አልሁት። ትንሽ አሰበና አጎንብሶ ጀመረ።

የእሱን ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። ከላይ ዜማው ይወርዳል፣ ከሥር ጸናጽሉ በአቼቶው ውስጥ ታፍኖ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይቀበላል። በዝግታው ምት፣ በመረግድ ሲሄድ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ዜማው ሲይዘው ግን ራሱን ረሳና ወደ ፈጣኑ ጽፋት ገባ፤ አረንጓዴው ውኃ እየተፈናጠረ ባለቤቴ ካሰጣችው ብቅል ደረሰ። እሷ ለእሱ አንቱታዋን ሳትለቅ ለእኔ ያላለችኝ የለም። የነካውን ብቅል አንሥታ ጣለች።

እኔም ቀረብ ብዬ ቀስ በል፣ ኒኬሉ አይደርስብህም አልሁት። ድጓ ያስመሰከርሁት ባንተ ፊት አይደለም አለኝ። ኒኬል ያስመሰከርሁት እኔ ነኝ፣ ወደ መረግድ ተመለስ አልሁት። ተመለሰ። ቤተ ልሔም ድረስ ወርዶ የተማረን ሊቅ ምት ያረመ ሰው በዕድሜዬ ከእኔ በቀር አላውቅም።

እንዲህ ስንል የአጥሩ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን የሆነች ሴት ናት፤ በእጇ ባዶ ጆግ ይዛለች። በአጥሩ ቀዳዳ ያየችው አንድ ሻሽ የጠመጠሙ ካህን አረንጓዴ ውኃ ላይ አጎንብሰው ሲያዜሙ ነው። ሌላ ምን ታስብ? ተሳልማ ገባችና ጠበሉ ለምች ይሆን እንደሆነ ጠየቀች።

ጠበል አይደለም፣ ይህ ቢጠጣ ይገድላል አልኋት። አላመነችኝም። ለራሳችሁ ልታስቀሩት ነው ብላ ጆጉን ይዛ ወደ ጀሪካኑ አለፈች። በመሀል ገብቼ ቆምሁ። ግራ ጌታው እጁን ማቆም አይችልም፤ ካቆመ ይጣበቃል። ስለዚህ እየነቀነቀ፣ ዜማውን ሳይሰብር፣ በዚያው ዜማ አቼቶ ነው ልጄ ብሎ አዜመላት። አንገቷን አስግጋ አሸተተች። አፍንጫዋን ይዛ አፈገፈገች። አምናን ወጣች ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል። ማታ ገበያው ሁሉ፣ ግራ ጌታው አንድ ሬዲዮ ሠሪ ግቢ ውስጥ ጠበል አፈለቁ፣ ሽታው ግን ከባድ ነው ይል ጀመር። የቀረውን ውኃ ከድኜ ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ ቆለፍሁበት። ጸናጽሉን በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ አድርቀን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ሰጠሁት። ነቅንቀህ አታሰማኝም ወይ አልሁት። እዚህ አይደለም አለኝ።

የዋዜማው ቀን ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሁሉ ቀድሜ ደረስሁ። ኋላ ካህናቱ መጥተው ከቅኔ ማኅሌቱ በር ፊት ቆሙ። ነጋዴው አዲሱን ጸናጽል በጋቢው ሥር ይዞ መጣ። የጠበሉን ወሬ ሰምቷል፤ ፊቱ አልተፈታም።

«ግራ ጌታ፣ ጠበል አፈለቁ አሉ።»

«አቼቶ ነው ያፈለቅሁት» አለ ግራ ጌታው። «ከፈለጉ ለሰላጣ ይሆንዎታል።»

አይሆንም ብዬ ከኋላ ሆኜ ጮህሁ። ስለ መርዝ አልቀልድም። ካህናቱ ዞረው ሲያዩኝ ነጋዴው ጊዜ ሳያጠፋ አሮጌውን ጸናጽል ከግራ ጌታው ተቀበለ። የራሱን ነጭ ጋቢ ጫፍ ይዞ ክፈፉን ፈተገው። ጨርቁን አየ። ሽቦዎቹን ፈተገ። አየ። ክብ ብረቶቹን አንድ በአንድ ፈተገ፤ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አዙሮ መረመረ። ጋቢው ሲመጣ እንደ ነበረው ነጭ ነው። እኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ትንፋሼ ያልተቆረጠ ብቸኛ ሰው ነበርሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ መስዬ ቆሜያለሁ።

ነጋዴው ግን በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ጸናጽሉን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ፣ ይህ የየኔታ ጸናጽል አይደለም፣ ለውጣችሁታል አለ። የየኔታ እንዲህ አያበራም። ግራ ጌታው ፊቱ ተለዋወጠ። ዝገቱን አጥፍተን ማስረጃችንንም አብረን አጥፍተናል። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር፤ የመጣው ሥራዬ ከልክ በላይ ስላማረ ነው።

ግራ ጌታው እጁን ዘረጋ። ነጋዴው ሰጠው። አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ፣ ወደ ታች አወረደው።

እኔ የዜማ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በግቢው ያሉት ሽማግሌ ካህናት አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየሁ። ቀኝ ጌታው፣ ከግራ ጌታው ጋር በየዓመቱ እንደ ጣውንት የሚፎካከረው ሰው፣ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከብብቱ አወጣው።

«የየኔታ ነው» አለ። «በዚህ ድምፅ ተገርፌበታለሁ።»

ካህናቱ ሳቁ። ግራ ጌታው ጸናጽሉን ጆሮው አጠገብ አድርጎ ዳግመኛ አንሿሿው። ድምፁ ከድሮው ይቀጥናል፣ ይጠራል አሉ አንድ ሽማግሌ። ድምፁን ተውልኝ ያለኝ ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«የኔታ ጉንፋን ይዟቸው ኖሯል» አለ ግራ ጌታው። «አሁን ለቀቃቸው።»

ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ዝገት ካላወጣ ይዘመርበት ብለዋልና ይዘመርበታል። ይህ ሆኖ ደግሞ አዲሱ ጸናጽል አሁንም በነጋዴው ጋቢ ሥር ነበር። ወዴት ያድርገው? ወደ ዕቃ ቤት ዞሮ መንገድ ጀመረ። በእያንዳንዱ እርምጃው ጋቢው ውስጥ ሿ ሿ ይላል። ድምፁን ለማፈን ቀስ ብሎ ሲራመድ ይረዝማል፤ ፈጠን ሲል ይብሳል። ግቢው ሁሉ በዓይኑ ሸኘው። ዕቃ ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

ግራ ጌታው አልጠበቀም። መምህሩ በሰጡት ጸናጽል ዋዜማውን አነሣ። ወደ እኔ አልዞረም፣ አላመሰገነኝምም። እኔም አልተቀየምሁም። ከሰዉ መሀል ወጥቼ፣ ሁሉም በሚያየኝ ቦታ ቆምሁ።